በተሽከርካሪ ግጭት የተጎዳ ተሳፋሪ የሕክምና ኮድ፡ ምንነቱ፣ አነባበቡ እና ከተገልጋዩ የሚጠበቀው

በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ተሳፋሪ ሕክምናውን ጨርሶ ከጤና ተቋም ሲወጣ በሚሰጠው የመልቀቂያ ማጠቃለያ ወይም የሕክምና ማስረጃ ላይ፣ ከሐኪሙ ጽሑፍ ጎን «ኤስ72.3» ወይም «ቪ74.6» የሚሉ አጫጭር ምልክቶችን ሊያገኝ ይችላል። እነዚህ ምልክቶች በሰነዱ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ በአነባበባቸው ቀርበዋል። ብዙ ተገልጋዮች ምልክቶቹን የሆስፒታሉ የውስጥ ጉዳይ አድርገው ያልፏቸዋል። ይሁንና በምልክቶቹ የሚወከለው መረጃ የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ሌላ ሐኪም ሕክምናውን ሲቀጥል፣ እንዲሁም ሀገሪቱ የመንገድ አደጋን ለመከላከል ስታቅድ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ትክክለኛነቱ ተጎጂውን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ይህ ጽሑፍ የኮዱን ምንነት፣ አነባበቡን፣ ከኮዱ የማይጠበቀውን፣ እንዲሁም ተገልጋዩ መረጃው የተሟላ እንዲሆን ማድረግ የሚገባውን ያብራራል።

የሕክምና ኮድ ምንድን ነው?

የሕክምና ኮድ ሐኪሙ በቃላት የጻፈውን የምርመራ ውጤት በፊደልና በቁጥር የሚወክል ምልክት ነው። ምንጩ በዓለም ጤና ድርጅት የሚዘጋጀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ነው። የምደባው 10ኛ እትም እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ጤና ጉባኤ የጸደቀ ሲሆን፣ 11ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል። ሀገራት ከአንዱ እትም ወደ ሌላው የሚሸጋገሩት በየራሳቸው ዝግጅት መሠረት ነው። የጤና ተቋማትም ከዚሁ ምደባ የተውጣጣ ያጠረ ዝርዝር ሊጠቀሙ ይችላሉ። ስለሆነም ከሁለት ተቋማት የተገኙ ሰነዶች ለአንድ ጉዳት የተለያየ ኮድ ቢይዙ፣ ልዩነቱ የግድ ስህተት መኖሩን አያሳይም። በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ኮዱ ከየትኛው እትም ወይም ዝርዝር እንደተወሰደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት ምሳሌዎች በ10ኛው እትም መሠረት የተዘጋጁ ናቸው።

ኮዱን በሰነድ ላይ የሚያሰፍረው ሐኪሙ ራሱ ወይም በካርድ ክፍል የሚሠራ የጤና መረጃ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። የጤና መረጃ ባለሙያው ኮድ የሚሰጠው በታካሚው ካርድ ላይ ተጽፎ ያገኘውን ብቻ መሠረት በማድረግ ነው፤ ያልተጻፈውን ገምቶ መሙላት አይፈቀድለትም። በመሆኑም የኮዱ ጥራት የሚወሰነው ሐኪሙ በጻፈው፣ የሐኪሙም ጽሑፍ በአብዛኛው ታካሚው ወይም አስታማሚው በተናገረው ላይ ነው።

ለአንድ አደጋ ሁለት ዓይነት ኮድ ለምን ያስፈልጋል?

በአደጋ ለተጎዳ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይመለሳሉ። የመጀመሪያው «የተጎዳው የሰውነት ክፍል የትኛው ነው? ጉዳቱስ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ «ኤስ» ወይም «ቲ» በሚል ፊደል በሚጀምር ኮድ ይሰጣል። ሁለተኛው «ጉዳቱ እንዴት ደረሰ?» የሚል ነው። ጉዳቱ በመጓጓዣ አደጋ የደረሰ ከሆነ መልሱ ከቪ01 እስከ ቪ99 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል።

የጭን አጥንት ስብራት ከደረጃ በመውደቅም፣ ከፈረስ በመውደቅም፣ በአውቶቡስ ግጭትም ሊደርስ ይችላል። የጉዳቱ ኮድ በሦስቱም ሁኔታ አንድ ነው። ስብራቱን ከአውቶቡሱ ግጭት ጋር የሚያያይዘው ሁለተኛው ኮድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ኮዶች ተሟልተው ሲገኙ ብቻ መረጃው ሙሉ ይሆናል።

የአደጋው ኮድ እንዴት ይነበባል?

የአደጋው ኮድ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይናገራል፤ እነሱም ተጎጂው የነበረበት ተሽከርካሪ፣ ተሽከርካሪው የተጋጨበት ነገር እና ተጎጂው በተሽከርካሪው ላይ የነበረው ድርሻ ናቸው።

ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ ተጎጂው በምን ሲጓዝ እንደነበር ያሳያል፤
- ከቪ01 እስከ ቪ09፡ እግረኛ፤
- ከቪ10 እስከ ቪ19፡ ብስክሌተኛ፤
- ከቪ20 እስከ ቪ29፡ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ፤
- ከቪ30 እስከ ቪ39፡ በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ (ባጃጅ) የሚጓዝ፤
- ከቪ40 እስከ ቪ49፡ በአውቶሞቢል የሚጓዝ፤
- ከቪ50 እስከ ቪ59፡ በፒክአፕ ወይም በቫን የሚጓዝ፤
- ከቪ60 እስከ ቪ69፡ በከባድ የጭነት ተሽከርካሪ የሚጓዝ፤
- ከቪ70 እስከ ቪ79፡ በአውቶቡስ የሚጓዝ።

በእንስሳ ጀርባ ወይም በጋሪ ሲጓዝ የተጎዳ ሰው በቪ80 ሥር ይመደባል።

ሁለተኛው አኃዝ የግጭቱን ሌላኛ ወገን ያመለክታል። ለምሳሌ በአውቶሞቢል ተጓዥ ክፍል ውስጥ ቪ43 ከሌላ አውቶሞቢል፣ ፒክአፕ ወይም ቫን ጋር፤ ቪ44 ከከባድ ተሽከርካሪ ወይም ከአውቶቡስ ጋር፤ ቪ47 እንደ ግንብና ምሰሶ ካለ የማይንቀሳቀስ ነገር ጋር የተደረገ ግጭትን ይወክላሉ። ቪ48 ደግሞ ግጭት ሳይኖር ተሽከርካሪው በመገልበጡ እና በመሰል ምክንያት የደረሰን አደጋ ይመለከታል።

ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ለተሳፋሪ ልዩ ትርጉም አለው። በአውቶሞቢል፣ በፒክአፕ፣ በጭነት ተሽከርካሪና በአውቶቡስ ክፍሎች ውስጥ 5 ቁጥር በሕዝብ መንገድ ላይ በደረሰ አደጋ የተጎዳ አሽከርካሪን፣ 6 ቁጥር ተሳፋሪን፣ 7 ቁጥር በተሽከርካሪው ውጫዊ አካል ላይ የነበረን ሰው፣ 9 ቁጥር ድርሻው ያልታወቀን ተጓዥ ያመለክታሉ። አደጋው ከሕዝብ መንገድ ውጭ፣ ለምሳሌ በግል ግቢ ወይም በእርሻ ውስጥ ከደረሰ ተሳፋሪው በ1 ቁጥር ይመዘገባል። 4 ቁጥር ደግሞ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ የተጎዳን ሰው ይወክላል።

ምሳሌዎች

የሚከተሉት ሁኔታዎች ለማብራሪያ ብቻ የቀረቡ ናቸው።

አንድ መንገደኛ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲጓዝ አውቶቡሱ ከሲኖትራክ ጋር ተጋጭቶ ጭኑ ቢሰበርና ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ምት ለአጭር ጊዜ ራሱን ቢስት፣ የጭን አጥንቱ መካከለኛ ክፍል ስብራት በኤስ72.3፣ የጭንቅላት መናወጡ በኤስ06.0፣ የአደጋው ሁኔታ በቪ74.6 ይመዘገባል።

በባጃጅ የኋላ መቀመጫ የነበረች ተሳፋሪ ባጃጁ ከቤት መኪና ጋር ተጋጭቶ ከተጎዳች፣ የአደጋው ኮድ ቪ33.6 ይሆናል። በካርዱ ላይ «የመኪና አደጋ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን በባጃጅ መሳፈሯም ሆነ ተሳፋሪ መሆኗ ከመረጃው ይጠፋል።

ከአውቶቡስ በመውረድ ላይ ሳለ አውቶቡሱ በመንቀሳቀሱ የወደቀ ሰው ኮዱ ቪ78.4 ነው። ይህ ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ተጎጂው ለሐኪሙ «ወደቅሁ» ብሎ ብቻ ከተናገረ፣ ጉዳቱ «ደብሊው» በሚል ፊደል በሚጀምረው የተራ መውደቅ ክፍል ሊመዘገብ ይችላል። ከተሽከርካሪ ላይ መውደቅ ግን በምደባው ሕግ የመጓጓዣ አደጋ ነው። ከወራት በኋላ ካሳ ሲጠየቅ የፖሊስ ሪፖርት «የተሽከርካሪ አደጋ» ሲል የሕክምና ማስረጃው «መውደቅ» የሚል ከሆነ፣ ልዩነቱን የማስረዳቱ ሸክም በተጎጂው ላይ ይወድቃል።

በጭነት ተሽከርካሪ ላይ ስለሚጓዙ ሰዎችም የምደባው ትርጉም ግልጽ ነው። ለዕቃ በተዘጋጀው የጭነት ቦታ ውስጥ የነበረ ሰው እንደ ተሳፋሪ ይቆጠራል። በጣሪያ ላይ፣ በመርገጫ ላይ ወይም በተሽከርካሪው አካል ላይ ተንጠልጥሎ የነበረ ሰው ግን በውጫዊ አካል ላይ ከነበሩት ይመደባል። ይህ አመዳደብ የአደጋውን ሁኔታ ለመግለጽ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ጉዞው የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን አይወስንም።

የሚኒባስ ታክሲን በሚመለከት፣ በምደባው መሠረት አውቶቡስ የሚባለው በዋናነት ከ10 ሰው በላይ ለማጓጓዝ የተሠራና ልዩ የመንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ተሽከርካሪ ነው። በመሆኑም «ታክሲ» ከማለት ይልቅ የተሽከርካሪውን ዓይነትና የመቀመጫውን ብዛት መግለጽ ለትክክለኛ ምደባ ይረዳል።

የጉዳቱ ኮድ የሚናገረውና የማይናገረው

የጉዳት ኮዶች የሰውነት ክፍሎችን ከላይ ወደ ታች ይከተላሉ። ኤስ00 እስከ ኤስ09 ጭንቅላትን፣ ኤስ10 እስከ ኤስ19 አንገትን፣ ኤስ20 እስከ ኤስ29 ደረትን፣ ኤስ30 እስከ ኤስ39 ሆድን፣ የታችኛውን ጀርባና ዳሌን ይመለከታሉ፤ ከዚያም በትከሻ፣ በክንድና በእጅ አልፈው በጭን፣ በጉልበትና በእግር ያበቃሉ። በተሳፋሪዎች ላይ የሚደርሰው የአንገት ጅማት መለጠጥ በኤስ13.4፣ የበርካታ ጎድን አጥንቶች ስብራት በኤስ22.4፣ የጣፊያ ጉዳት በኤስ36.0 ይመዘገባሉ።

ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ገደብ አለ። በ10ኛው እትም የጉዳት ኮድ ጉዳቱ በቀኝ ወይም በግራ በኩል መሆኑን አይለይም። 11ኛው እትም ይህንን በተጨማሪ ምልክት ለመግለጽ ያስችላል። ስለዚህ በማስረጃው ላይ «የግራ ጭን አጥንት ስብራት» የሚለው ዝርዝር በቃላት መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኮዱ የሐኪሙን ዝርዝር ጽሑፍ አይተካም።

በውጭ ሀገር ታክመው ለመጡ ዜጎችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በአሜሪካ የሚሠራበት የ10ኛው እትም ዝርያ እስከ 7 ምልክቶች ያሉት ሲሆን ቀኝና ግራን እንዲሁም የሕክምናውን ደረጃ ይለያል። ከዚያ የመጣ ማስረጃ ረዘም ያለ ኮድ ቢይዝ የአሠራር ልዩነት እንጂ ስህተት አይደለም።

«ያልተገለጸ» የሚለው ምድብ የሚያስከትለው ጉዳት

መረጃ ሲጎድል የጤና መረጃ ባለሙያው «ያልተገለጸ» በሚሉ ምድቦች ለመጠቀም ይገደዳል። ቲ14 ክፍሉ ያልተገለጸ የሰውነት ጉዳትን፣ ቪ89.2 ዝርዝሩ ያልታወቀ የሞተር ተሽከርካሪ የትራፊክ አደጋን ይወክላሉ። በእነዚህ ኮዶች የተመዘገበ ተጎጂ መታከሙ እንጂ ምን እንደደረሰበት በመረጃው አይታይም።

ጉዳቱ በግለሰቡ ብቻ አይወሰንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል። በአንድ አካባቢ ከሚደርሰው ጉዳት ምን ያህሉ በባጃጅ ተሳፋሪዎች፣ ምን ያህሉ ሲሳፈሩና ሲወርዱ፣ ምን ያህሉ በመገልበጥ እንደሚደርስ የሚለየው በኮዱ ነው። የአጥንት ሐኪም፣ የደም አቅርቦትና አምቡላንስ የት እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው የመንገድ ክፍል ወይም የትኛው የትራንስፖርት ዓይነት ቅድሚያ ትኩረት እንደሚሻ መወሰን የሚቻለውም በዚሁ መረጃ ነው።

ኮዱ የማይወስናቸው ጉዳዮች

በተገልጋዮች ዘንድ የሚፈጠረውን መሳሳት ለማስቀረት የሚከተሉት ነጥቦች መታወቅ አለባቸው፤
- ኮዱ ጥፋተኛን አይለይም። አደጋው በማን ጥፋት እንደደረሰ የሚጣራው በትራፊክ ፖሊስ ሲሆን የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነው።
- ኮዱ የካሳ መጠንን አይተምንም። የመድን ሽፋኑ ጣሪያ የሚወሰነው በሥራ ላይ ባለው ሕግ ነው።
- ኮዱ የአካል ጉዳትን መቶኛ አይገልጽም። ዘላቂ የአካል ጉዳትና የሥራ ችሎታ መቀነስ የሚረጋገጠው ሕክምናው ካበቃ በኋላ በሕክምና ቦርድ ማስረጃ ነው። ኤስ72.3 የሚል አንድ ኮድ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ሊያገግም፣ ሌላው ሊያነክስ ይችላል።

ጉዳቱ ከዳነ በኋላ የቀረ ችግር ሲኖር ኮዱም ይለወጣል። በታችኛው የሰውነት ክፍል የደረሰ ጉዳት ያስከተለው ቀሪ ችግር በቲ93፣ መነሻው የሞተር ተሽከርካሪ አደጋ መሆኑ ደግሞ በዋይ85.0 ይገለጻል። ከአንድ ዓመት በኋላ በተሰጠ ማስረጃ ላይ የመጀመሪያው ኮድ አለመገኘቱ አደጋው እንደተሰረዘ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ከተገልጋዩ የሚጠበቀው

*በአደጋው ስፍራ፡* ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕይወት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። የሚቻል ከሆነ የተሽከርካሪዎቹ ሰሌዳ ቁጥር እና በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የ3ኛ ወገን መድን ስቲከር ዝርዝር ይመዝገብ። የጉዞ ትኬት ካለ አይጣል።

*በድንገተኛ ክፍል፡* ተጎጂው ወይም አብሮት የመጣው ሰው አምስት ነገሮችን ለሐኪሙ ይንገር፤ በምን ተሽከርካሪ ይጓዝ እንደነበር፣ ተሽከርካሪው ከምን ጋር እንደተጋጨ ወይም መገልበጡን፣ ተጎጂው አሽከርካሪ፣ ተሳፋሪ ወይም በመሳፈርና በመውረድ ላይ የነበረ መሆኑን፣ በጋቢና ወይም በኋላ መቀመጫ መቀመጡንና ቀበቶ ማሰሩን፣ እንዲሁም አደጋው የደረሰበትን ቦታና ሰዓት። የማይታወቀውን «አላውቅም» ማለት ተገቢ ነው። ሐሰተኛ ዝርዝር መስጠት ሕክምናውን ሊያሳስት፣ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

*ሕመም ዘግይቶ ሲሰማ፡* የአንገት ሕመም፣ የራስ ምታትና የሆድ ሕመም ከአደጋው ሰዓታት ወይም ቀናት በኋላ ሊጀምሩ ይችላሉ። ተጎጂው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ተመልሶ ሕመሙ ከአደጋው ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ሊመረመር ይገባል። በጊዜው ያልተመዘገበን ጉዳት ቆይቶ ከአደጋው ጋር ማያያዝ አስቸጋሪ ነው።

*ሲወጣ፡* የመልቀቂያ ማጠቃለያው ስምን፣ የካርድ ቁጥርን፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ ሁሉንም ጉዳቶች፣ የጉዳቱን ምክንያት፣ የሐኪሙን ፊርማና የተቋሙን ማኅተም መያዙ ይረጋገጥ። ወደ ሌላ ተቋም ሪፈር ከተጻፈ ቅጂው ይቀመጥ። የራጅና የሲቲ ስካን ውጤቶች፣ የመድኃኒትና የሕክምና ክፍያ ደረሰኞችም አብረው ይጠበቁ።

በሰነዱ ላይ ስህተት ሲገኝ

ስህተት ያገኘ ታካሚ በቅድሚያ የሚያነጋግረው ያከመውን ሐኪም ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሐኪሙን ጽሑፍ በራሱ ሊለውጥ አይችልም። ሐኪሙ ማስተካከያው ተገቢ መሆኑን ካመነ፣ የቀድሞው ጽሑፍ ሳይፋቅ አዲሱን ከቀንና ከፊርማ ጋር ይጨምራል፤ ኮዱም በዚያው መሠረት ይስተካከላል። በሰነዱ ላይ በራስ እጅ መጻፍ፣ መፋቅ ወይም መደለዝ ትክክለኛውን ማስረጃ ጭምር ዋጋ ያሳጣዋል። ስምምነት ላይ ካልተደረሰ ጥያቄውን በጽሑፍ ለተቋሙ ኃላፊ ማቅረብ ይቻላል።

አደጋው ሞት ሲያስከትል

በሞት ማስረጃ ላይ የቅርቡ ምክንያትና መነሻው ምክንያት ተለይተው ይጻፋሉ። በተሽከርካሪ አደጋ ለሞተ ሰው ለስታቲስቲክስ እንደ መነሻ ምክንያት የሚወሰደው «ቪ» በሚል ፊደል የሚጀምረው የአደጋው ኮድ ነው። ማስረጃው «የውስጥ ደም መፍሰስ» በሚል ብቻ ከተወሰነ የአደጋው ድርሻ ይሰወራል። በተለይ ተጎጂው ከአደጋው ሳምንታት በኋላ በሆስፒታል ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ቤተሰቡ የመጀመሪያው አደጋ በማስረጃው መጠቀሱን ሊያረጋግጥ ይገባል። ማስረጃው ለወሳኝ ኩነት ምዝገባም ሆነ ለካሳ ጥያቄ ያገለግላል።

የካሳ ጥያቄና የሕክምና ማስረጃው

የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን ዋስትና አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለተሽከርካሪዎች የ3ኛ ወገን መድን እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ የአስቸኳይ ሕክምናን የሚመለከት ድንጋጌም ይዟል። ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪ ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መድን የሌለው ሆኖ ሲገኝ ተጎጂው ወደ መድን ፈንዱ ማመልከት ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ኃላፊነት ይደነግጋል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜም አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ይወስናል። ሕክምናው እስኪያበቃ በሚል ይህ ጊዜ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል።

ለሕግ ጉዳይ የሚውል የሕክምና ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ለጤና ተቋሙ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲጻፍ የታካሚው ሙሉ ስም በካርዱ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉ፣ የካርድ ቁጥሩና የታከመበት ቀንም መጠቀሱ መዝገቡን በቶሎ ለማግኘት ይረዳል።

ተጎጂው በሕመም ላይ ሳለ ይህን ሁሉ ራሱ እንዲከታተል መጠበቅ አይቻልም። ስለሆነም አስታማሚዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰነዶችን የሚይዝ አንድ ሰው ከመካከላቸው ቢመርጡ፣ ለሐኪሙ የሚሰጠው መረጃም ሆነ ኋላ የሚቀርበው ማስረጃ የተሟላና እርስ በርሱ የሚስማማ ይሆናል።